ከእህቴ ስልክ የመጡ መልእክቶች

የበደለኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። የበደለኝም ከሁለት ዓመት በፊት፣ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ እኔ በአውስትራሊያ ደረቅ ሜዳ ላይ ብቻዬን ብስክሌት ስነዳ ነው። ታላቅ እህታችን ለንደን ውስጥ እየሞተች መሆኑን ያውቅ ነበር። ስጠይቀው ደህና ናት አለኝ። ከሞተች በኋላም ደህና እንደሆነች አስመሰለ። አብረውት የዋሹ ሌሎችም አሉ፣ ፓስተሩም ጭምር። ቃል የገባልኝ ግን እሱ ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ይህን ታሪክ በሌላ መልክ የሚያወሩት አሉ። በነሱ ወሬ ወንድሜ አስተዋይ ሰው ነው፤ እኔ በስተርጅና ቀውሼ፣ የታመመች እህቴን ጥዬ በረሃ የገባሁ ሴት ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። አንድ ጊዜ ደግሞ እኔ ልናገር።

ብስክሌት የጀመርኩት ለመዝናናት አይደለም። ሂትሮው ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት አውሮፕላን አጽድቻለሁ። የምኖረው ሃርልስደን ነው። የማለዳ ሺፍት ሲደርሰኝ ባቡሩ ገና አይነሳም፤ አውቶቡሱ ደግሞ ሁለት ጊዜ ያስቀይራል። ስለዚህ አንድ ያረጀ ብስክሌት ገዝቼ በካናሉ ዳር ባለው መንገድ መመላለስ ጀመርኩ፤ በብርዱም በዝናቡም። ጡረታ ስወጣ አልተውኩትም። መጀመሪያ እስከ ባሕሩ ሄድኩ፣ ከዚያ ዌልስን ዞርኩ፣ ከዚያ ስፔንን አቋረጥኩ፤ ሁሉንም ብቻዬን። ለምን ብቻሽን ሲሉኝ ዝም እላለሁ። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ጠባብ ሱሪዬን አይተው ያሉትን ሁሉ ሰምቻለሁ፣ እሱንም ዝም ብዬዋለሁ።

እህቴ አምስት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን በልጅነታችን ስለሞተች ያሳደገችን እሷ ናት። ወንድሜም እኔም እትዬ ነበር የምንላት። አዲስ አበባ የአማርኛ መምህርት ነበረች። ለንደን መጥታ የሰው ልጅ ጠበቀች፣ አቅመ ደካሞችን አጠበች፣ የመምህርነት አመሏ ግን አልለቀቃትም። የስብሰባ ማስታወቂያ ላይ የፊደል ግድፈት ካየች እስክሪብቶ አውጥታ ታርም ነበር። የበሽታዋን ስም አልጽፍም፤ የራሷ ነው። ሐኪሞቹ ምናልባት አንድ ዓመት ብለዋት ነበር።

ይህን የሰማሁ ቀን የአውስትራሊያ ትኬቴን እሰርዛለሁ ልላት ዌምብሊ ካለው ፍላቷ ሄድኩ። ወንድሜም ነበር። እሱ ታክሲ ይነዳል፣ የቤተ ክርስቲያንም ሽማግሌ ነው። ዘጠነኛ ፎቅ ድረስ በእግሩ ወጥቶ ሶፋው ላይ ተዘርግቷል፣ ሊፍቱ ተበላሽቶ ስለነበር።

«አትሰርዢም» አለች እህቴ። «እዚህ ተቀምጠሽ ፊቴን ስታዪ ከምትውዪ ሂጂና ፎቶ ላኪልኝ።»

«ቢብስብሽስ?»

«ይነግሩሻላ። ትመጫለሽ።»

«ግመል ብትከራይ አይሻልም ነበር?» አለ ወንድሜ። «ግመል ውሃዋን ራሷ ትይዛለች።»

«አንተ ዝም በል፣ ገና ትንፋሽህ አልተመለሰም» አለችው።

ሳቅን። ከዚያ እኔ ሳቄን አቁሜ ወደሱ ዞርኩ። «ከባሰባት በዚያው ሰዓት ትነግረኛለህ። አታለሳልስም፣ አታዘገይም። የትም ብሆን በሦስት ቀን እደርሳለሁ።»

«እሺ።»

«እሺ ብቻ አይበቃኝም።»

«እግዚአብሔር ምስክሬ ነው እነግርሻለሁ። ምን አድርጌሽ ነው እንዲህ የምታስምዪኝ?»

እህቴ ክፍል ውስጥ የሚያወራ ተማሪ እንደምታይ አድርጋ አየችው። «ሰምቻለሁ» አለች።

ያስማልኩት የኛን ነገር ስለማውቅ ነው። እኛ ሰው ሲሞት ለዘመዱ በስልክ አንነግርም። ብቻውን ላለ ሰው፣ ሥራ ላይ ላለ፣ መንገድ ላይ ላለ፣ ፈተና ለቀረበው አንነግርም። መርዶ የሚነገረው ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ በር ተንኳኩቶ ነው። እስከዚያ ድረስ ከባለጉዳዩ በቀር አገር ሁሉ ያውቃል። እኔም አድርጌዋለሁ። አንዲት እዚሁ የምትኖር ሴት እናቷ አዲስ አበባ ሲሞቱ የልጇ ሠርግ እስኪያልፍ ሦስት ሳምንት ደበቅናት። ሠርጉ ላይ አጠገቧ ተቀምጬ አጨብጭቤአለሁ። ከዚያ አንድ ማክሰኞ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከስድስት ሰዎች ጋር ደጇ ቆምኩ። በሩን ከፍታ ሁላችንንም አየችን፣ ከዚያ እኔን ለብቻ አየችኝ። እስከ ዛሬ ሰላም ትለኛለች፤ ቤቴ ግን ረግጣ አታውቅም።

ጉዞውን ከፐርዝ ወደ ምሥራቅ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ሳምንት እርሻና ዛፍ ነበረው። ከዚያ ዛፉ እያጠረ ሄዶ ጠፋ። ናላርቦር የሚሉት ሜዳ ጉልበት የማይደርስ ግራጫ ቁጥቋጦ፣ ቀይ አፈርና አንድ መንገድ ነው። ነዳጅ፣ ምግብና አልጋ የሚገኝባቸው የመንገድ ዳር ቤቶች አሉ፤ በአንዱና በሌላው መካከል አንዳንዴ ሁለት ቀን ያስነዳል። ስልክ የሚሠራው እነሱ ጋ ብቻ ነው። አሥራ ሁለት ሊትር ውሃ ተሸክሜ እነሳለሁ። ነፋሱ ከኋላሽ ይሆናል ብለውኝ ነበር፤ ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ፊት ለፊት መጣ፣ አልተመለሰም። እንደ ሰው መዳፍ ደረት ላይ ያርፍና ይገፋል። ሦስት ተሳቢ የሚጎትቱ የጭነት መኪናዎች ሲያልፉ ለአፍታ ነፋሱን ይቆርጡትና መልሰው በአንድ ጊዜ ይለቁብኛል፤ ሁለት ጊዜ ከመንገድ አውጥተውኛል። በመንገዱ ግራና ቀኝ መኪና የገጫቸው ካንጋሮዎች ተኝተዋል። ከማየቴ በፊት በሽታቸው አውቃቸዋለሁ። አንድ ንስር አንዱ ላይ ቆሞ ሲበላ አጠገቡ ደረስኩ። አልበረረም። አንገቱን አዙሮ አየኝና ወደ ሥራው ተመለሰ።

በየመንገድ ዳር ቤቱ ስደርስ ለእህቴ ፎቶ እልካለሁ፤ እሷም በድምፅ ትመልሳለች። ጽፋ አታውቅም፣ ጣቶቿ ያብጡ ነበር። «የላክሽልኝ ሰማይ ብቻ ነው፣ ምድሩን አሳዪኝ።» ደግሞ ሌላ ቀን፣ «ይሄ መንገድ ነው ወይስ ማስመሪያ?» እየዋለ ሲያድር መልእክቶቹ አጠሩ። በቃላቱ መካከል ትንፋሿ ይሰማ ጀመር። አንዱ ላይ «ነፋሱን ሰማሁት» ብቻ ነው ያለችው።

በአሥራ አራተኛው ቀን አንድ ቤት ስደርስ ምንም መልእክት አልጠበቀኝም። ደወልኩላት፣ አላነሳችም። ለወንድሜ ደወልኩ። ሌላ ጊዜ ሦስት ጊዜ ካልደወልኩ የማያነሳ ሰው በመጀመሪያው ጥሪ አነሳ።

«ውሃ አለሽ? እየበላሽ ነው?» አለኝ።

«እትዬ ስልኳን አታነሳም።»

«ተኝታለች። መድኃኒት ቀይረውላት እንቅልፍ አብዝታለች።»

«የት ነው የተኛችው?»

«ሆስፒታል። ለቼክ ነው፣ ቼክ አድርገው ይመልሷታል።»

«ስማኝ። እዚህ አንድ ባልና ሚስት አሉ፤ መኝታ ባለው ካምፐር መኪና ወደ ፐርዝ እየተመለሱ ነው። ብስክሌቱንም እንጭናለን ብለውኛል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይነሳሉ። ከነሱ ጋር ከሄድኩ በሦስት ቀን ለንደን ነኝ። ልሳፈር ወይስ ልቅር?»

ከኋላው ሌላ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁ።

«ምን አስቸኮለሽ» አለ። «ደህና ናት እኮ። ትናንት ሾርባ በልታለች። አይዞሽ።»

«ያልከኝን ታስታውሳለህ?»

«አስታውሳለሁ። ይህን ያህል መጥተሽ ለምን ታቋርጪዋለሽ? በርቺ፣ አይዞሽ።»

ወንድሜ በዕድሜው አይዞሽ ብሎኝ አያውቅም። ስወድቅ የሚስቅ ሰው ነው። በዚያ ስልክ ሁለት ጊዜ አለኝ፤ ስለ ግመልም ስለ ሱሪዬም አንድ ቃል አልተነፈሰም። ስልኩን ዘግቼ የቤቱ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ሴትዮዋ ከመኪናው መስኮት ብቅ ብላ «አትመጪም?» አለችኝ። ባሏ ሞተሩን አስነስቷል። እቀራለሁ አልኳት። እጇን አወዛወዘችልኝ። መኪናው ከዓይኔ እስኪጠፋ ብዙ ጊዜ ወሰደ፤ እዚያ አገር የሚጋርድ ነገር የለም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ተኩል ስልክ አልነበረም። ነፋሱ በረታ፤ አንዳንድ ቀን በእግር ከሚሄድ ሰው አልፈጥንም ነበር። በሚቀጥለው ቤት ምንም አልጠበቀኝም። ከሱ በኋላ ባለው ከእህቴ ስልክ መልእክት መጥቶ አገኘሁ። የተጻፈ ነበር፤ አማርኛው በላቲን ፊደል። ደህና ነኝ፣ በርቺ፣ ጌታ ይጠብቅሽ ይላል።

ያንን መልእክት ቆሜ ብዙ ጊዜ አነበብኩት። እህቴ አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፍ ሰው ስታይ ፊቷ ይጠቁር ነበር። የወንድሜ ልጆች እንደዚያ የጻፉላትን የልደት ካርድ መልሳ ሰጥታቸው ታውቃለች። ደክሟት ለሰው አጽፋ ይሆናል አልኩ። አንዷ የወንድሜ ልጅ ስልኩን ይዛላት ይሆናል አልኩ። ብስክሌቴ ላይ ወጣሁ።

አላወቅሁም ነበር ብዬ አልጽፍም። በዚያው ሳምንት፣ ለዓመታት ደውለውልኝ የማያውቁ አራት የቤተ ክርስቲያን ሴቶች በየተራ በረከት ላኩልኝ። ጌታ ጉልበት ይስጥሽ፣ በጸሎት አብረንሽ ነን። አንዷ በሱሪዬ ስትስቅ የነበረችው ናት። ሰው ሳይታሰብ ሲያከብርሽ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያችን ልጇን የዳረች ሴት እኔም እንደዚያ አክብሬአታለሁ። ብጠይቃቸው ይነግሩኝ ነበር ወይ? አይመስለኝም። ግን አልጠየቅኋቸውም። ይህንንም እጽፈዋለሁ፣ በኋላ ወንድሜ ራሱ ስላነሳብኝ።

የሜዳው መጨረሻ ላይ ነፋሱ አንድ ቀን ቆመ። ያን ቀን ዝንቦቹ ዓይኔና አፌ ላይ ሰፈሩ፤ የጎማዬን ድምፅ ብቻ እየሰማሁ ዋልኩ። ሌላው ሰው ሁሉ የሚያውቀውን እኔ ብቻ የማላውቀው ሆኖ ተሰማኝ፤ ቁጥቋጦው ሳይቀር የሚያውቅ ይመስል ነበር። አንድ ቤት ደርሼ ራሴን ፎቶ አነሳሁ፣ ፊቴ አቧራ ለብሶ፣ እየሳቅኩ። «ጨረስኩት፣ እመጣለሁ፣ ድምፅሽን ላኪልኝ» ብዬ ለእህቴ ላክሁ። የተቀበረችው በዚያ ቀን መሆኑን አሁን አውቃለሁ። ፎቶው የገባው መቃብሩ አጠገብ በቆመው ወንድሜ ኮት ኪስ ውስጥ በነበረው የእህቴ ስልክ ነው። መልሱም ከዚያ ስልክ መጣ፣ በላቲን ፊደል። ጎበዝ፣ ይላል።

ሂትሮው ስደርስ ጠዋት ነበር። ያን አዳራሽ ስንት ጊዜ አልፌበታለሁ፤ ሰው የሚቀበሉ ሰዎች እንዴት እንደሚቆሙ አውቃለሁ። ወደ በሩ ተጠግተው፣ አንገታቸውን አስግገው ነው። የኔዎቹ ከቡና መሸጫው ጋ ተጠጋግተው ቆመዋል፤ ወንድሜ፣ ፓስተሩና ሦስት ሴቶች። ጥቁር የለበሱት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ሌሎቹ እንዳልጠረጥር ተጠንቅቀዋል። ወንድሜ ሻንጣዬን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ።

«መቼ ነው የተቀበረችው?» አልኩት።

«ማን ነገረሽ?» አለኝ።

የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነው። ወደ ሴቶቹ ዞሮ አንድ በአንድ አያቸው፣ ምስጢሩን ማን አወጣ ብሎ። ፓስተሩ «እናቴ፣ መጀመሪያ ቤት እንግባ፣ ትንሽ ነገር ይቅመሱ» ብሎ ክንዴን ያዘኝ። ክንዴን አስለቀቅኩት። ብስክሌቴ ያለበትን ካርቶን ጋሪ ላይ አድርጌ ብቻዬን ወጣሁ። ሁለት ሴቶች ተከትለውኝ እስከ አውቶቡሱ መጡ፤ አንዷ ታለቅስ ነበር።

በሳምንቱ እህቴ የሞተችበት ቤት፣ ለመጨረሻ ሕሙማን የተሠራ ቤት ነው፣ መነጽሯንና ነጠላ ጫማዋን ልቀበል ሄድኩ። ነርሷ ወጣት ናት። እኔ ማን እንደሆንኩ ስነግራት ቁጭ አለች።

«ባለ ብስክሌቷ አንቺ ነሽ?» አለችኝ። «አራት ቀን ሙሉ ስለ አንቺ ስትጠይቅ ነበር። ወንድምሽ ተሳፍራለች ሲላት ተረጋጋች።»

«ተሳፍራለች አላት?»

«በየቀኑ ትጠይቀው ነበር። አሁን የት አገር ላይ ናት ትለዋለች። ዱባይ ላይ ናት፣ ደረሰች ይላታል። እኛም አውሮፕላኑ የዘገየ መስሎን ነበር።» የእህቴን ዕቃ አቀበለችኝ። «የመጨረሻው ቀን ላይ አልጠየቀችም።»

እህቴ መምህርት ነበረች። ከአውስትራሊያ ለንደን አራት ቀን እንደማይፈጅ ታውቃለች። ያን ቀን ያልጠየቀችው ገብቷት ይሁን ደክሟት አላውቅም። ወንድሜም አያውቅም። በስልክ ልሳፈር ወይስ ልቅር ባልኩት ሰዓት እዚያ ቤት ከገባች አንድ ቀኗ ነበር። ብሳፈር ከመሞቷ አንድ ቀን ቀድሜ እደርስ ነበር፤ ምናልባት ከአንድ ቀን በላይ።

ከአየር ማረፊያው ወዲህ ወንድሜን ያነጋገርኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ በዚያው ሳምንት፣ ደጄ ላይ ባቆመው መኪናው ውስጥ።

«ምን ላድርግ?» አለ። «ምድረ በዳ ላይ ብቻሽን ነሽ። የሚደግፍሽ የለ፣ ውሃ የሚያቀብልሽ የለ። ነግሬሽ ስታለቅሺ መኪና ቢወስድሽስ? ሁለት ሬሳ ልሸከም?»

«ያን ቀን እኮ ሬሳ አልነበረም። በሕይወት ነበረች።»

«ፓስተሩን አማክሬአለሁ። አብሮኝ ነበር፣ ስትደውዪ። ጸልየን ነው የወሰንነው።»

«ለሷስ ለምን ዋሸሃት?»

«በተስፋ እንድትሞት ነው።» መሪውን በሁለት እጁ ይዟል። «አንቺም እኮ ታውቂ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ሲባርክሽ አልገባሽም? አንድ ጊዜ ቀጥ አድርገሽ ሞታለች ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል?»

«በሷ ስልክ ስትጽፍልኝ ምን ብዬ ልጠይቅህ?»

ይቅርታ በለኝ አልኩት፤ በደል የለብኝም አለ። በሚቀጥለው እሑድ ፓስተሩ ስለ ፍቅር ሲሰብክ፣ እህቱን ሩቅ አገር ሳለች ከሐዘን ስለሸሸጋት ወንድም ምሳሌ አድርጎ ተናገረ። ሰዎች አሜን አሉ። እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ይህ ነው። ስብከቱ ሳያልቅ ተነስቼ ወጣሁ፤ ወደዚያ ቤተ ክርስቲያን አልተመለስኩም። ያችን በሠርጉ ጊዜ የደበቅናትን ሴት ቤቷ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት። አስገባችኝ፣ ይቅር ብዬሻለሁ ግን አላለችኝም። ሐኪሜ ጋ ሄጄ የቅርብ ዘመድ በሚለው ቦታ ላይ የወንድሜን ስም አስፍቄ ከታች የምትኖረውን ጎረቤቴን አስጻፍኩ። ከዚያ አንዲት ጠበቃ ጋ ቀጠሮ ይዤ ስለ ቀብሬ የምፈልገውን አጻፍኩ። ስታመም ለወንድሜ እንዳይነገረው፣ ስሞትም እንዳይነገረው፣ ከተቀበርኩ በኋላ በተራ ፖስታ እንዲጻፍለት አደረግሁ። ጠበቃዋ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት፤ ፈረምኩ።